ማሽኑ እምቢ ብሎ ነበር

ወንድሜ ሰይድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እኔ ደግሞ ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሁለታችሁ አንድ ቀን በአንድ ሥራ ላይ ትገናኛላችሁ ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ "ፀሐይ መታህ እንዴ?" ብዬ እስቅበት ነበር። ተገናኘን ግን። የዚያን ቀን ነገር ለተማሪዎቼ ግማሹን ብቻ ነው የምነግራቸው፣ ለእናንተ ግን ሙሉውን ላውጋችሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። ምላሴ ትንሽ ይቸኩላል፤ የሚያውቁኝ "ትንሽ" በሚለው ላይ ይስቃሉ። የማስተምርባቸው ኮምፒውተሮች ከተማሪዎቼ በዕድሜ ይበልጣሉ። አዳዲሶቹ በጦርነቱ ጊዜ ተጭነው ሄዱ፤ አሮጌዎቹን ዘራፊ እንኳ ናቃቸው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ሌላ ምንም የለም። እኔም ምን ላድርግ፣ ባለው ነው ብዬ ዶስ በሚባለው አሮጌ ሥርዓት ላይ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ማስተማር ጀመርኩ። ባልደረቦቼ "የሙዚየሟ መምህርት" ይሉኛል። ይበሉኝ። ከእነዚያ ማሽኖች ጋር ስውል ስከርም ሆድ ዕቃቸውን ሁሉ አውቄዋለሁ።

ሰይድ በዚያ ሰሞን ሰው አልነበረም። ከሳውዲ ተመልሶ ቁፋሮ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ስንት መንደር ውሃ አጠጥቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ግን ከሸፉበት። አንደኛው አሸዋ ሲተፋ ከርሞ ተዘጋ፤ ሁለተኛው ጭቃ ብቻ ሰጥቶ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ ሰው "እግረ ደረቅ" ይለው ጀመር። በእኛ አገር ይሄ ቀላል ስድብ አይደለም። እግረ ደረቅ የተባለ ሰው ሙሽራ ቤት ቀድሞ አይገባም፣ ላም ስትወልድ በረት አያስጠጉትም። ውሃ ቆፋሪን እግረ ደረቅ ማለት ደግሞ ሾፌርን ዕውር እንደማለት ነው።

"ደህና ነህ ወይ ሰይዴ?" እለዋለሁ።

"አልሐምዱሊላህ" ይላል።

"አልሐምዱሊላህ" ብዬ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። እንዲህ ስንባባል ወራት አለፉ። ኋላ አንድ ቀን ራሱ አወጣው። "ይሄ ሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ ካላወጣ ቁፋሮ በቃኝ። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ እመለሳለሁ። ሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ" አለኝ። ያን ባሕር አንዴ ተሻግሮታል። አብረውት ከተሳፈሩት መሐል ማዶውን ያላዩ አሉ። ጮህኩበት፣ አለቀስኩ፣ ምን ያላልኩት አለ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ሦስተኛው ጉድጓድ ከሮቢት ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ማሽላ መሐል ነበር። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ።

"ዘይኑ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለን።"

"የቱ ኮምፒውተር?"

"የመለኪያው። የአንቺዎቹ ዓይነት ነው፣ ጥቁሩ። ቶሎ ካልመጣሽ ጉድጓዱ ይናድብናል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዳለቀ፣ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት፣ በገመድ የተንጠለጠለ መለኪያ ወደ ታች ይላካል። የቱ ጋ ሸክላ አፈር፣ የቱ ጋ ውሃ ያዘለ ጠጠር እንዳለ እሱ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ንግግሩን በመስመር ይስለዋል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የወንፊት ቧንቧ ከጠጠሩ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ያንን መስመር በማየት ነው። ሸክላው ፊት ከተቀመጠ ጉድጓዱ ሞተ በሉት፤ አንዴ የገባ ቧንቧ አይወጣም።

ዳይሬክተራችንን አንድ ኮምፒውተር እንድወስድ ጠየቅኩት። "ቢሰበርስ?" አለኝ።

"ሌባ ያልፈለገውን ማን ይሰብረዋል?" አልኩና ባጃጅ ላይ ጫንኩት።

ስደርስ የመቆፈሪያው መኪና ቆሟል፣ ጀኔሬተሩ ያጓራል፣ የቀበሌው ሰው ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። ሰይድ ግን ከጉድጓዱ አጠገብ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ወዲያ ማዶ፣ የውሃ ቦቴው ሥር ቆሞ አገኘሁት።

"ምን ልትሆን እዚህ ቆምክ?"

"ሽማግሌዎቹ ናቸው" አለ መሬት መሬት እያየ። "ዱዓ አድርገው ሲያበቁ፣ ውሃው እስኪወጣ ራቅ ብለህ ቁም አሉኝ።"

"የራስህ ጉድጓድ እኮ ነው!"

"ተይ ዘይኑ። እነሱም ውሃ ጠምቷቸው ነው።"

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ አባ ይመር ሄድኩ፤ የሽማግሌዎቹ ታላቅ እሳቸው ናቸው። ልናገር አፌን ስከፍት "ነይ እቴ፣ መጣሽልን! አላህ እጅሽን ያለስልሰው" ብለው መረቁኝ። የመረቀ ሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮኻል? "አሜን" ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት።

ሥራውን የሚመራው ተስፋዬ የሚባል የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነበር። ትሁት ሰው ነው፣ የዚያን ቀን ግን ጥፍሩን ይበላ ነበር። "እህቴ፣ ጉድጓዱን የሞላነው ጭቃ ነው ግድግዳውን ደግፎ የያዘልን። ከዛሬ አያልፍም። ከተናደ ደግሞ መኪናው ሌላ ወረዳ ስለሚፈለግ ሁለተኛ ዕድል የለንም" አለኝ።

የእነሱ ኮምፒውተር ሞቷል፤ ከፍቼ ሳየው የተቃጠለ ሽታ አለው። ፕሮግራሙ ግን በፍሎፒ ዲስክ ተቀምጧል፤ ማሽኑ የሚያሄደው ብቻ ሳይሆን ሰው የጻፈው የሲ ጽሑፍም ጭምር። በእኔ ኮምፒውተር አስነሳሁት። "የሜሞሪ ድራይቨር የለም" ብሎ ቆመ። ይሄን አውቀዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ላይ የጎደለችውን መስመር ጨመርኩና እንደገና አስነሳሁት። ሠራ። መለኪያው ወረደ፣ ወጣ፣ መስመሩም ተሳለ።

"ማሻ አላህ!" አሉ አባ ይመር ምን እንደሆነ ሳያውቁት። ሰዉ አጨበጨበ። ተስፋዬ ስክሪኑን እያየ ምልክት ያዘ፤ "እዚህ ጠጠር፣ እዚህ ጠጠር፣ ታች ደግሞ ሌላ ጠጠር" አለና ሠራተኞቹን ቧንቧ አሰልፉ ብሎ አዘዘ። እኔም የጀግና ሻይ ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ።

ሻዩን እየጠጣሁ መስመሩን ወደ ላይ ወደ ታች አደርገዋለሁ። ሥራ ስፈታ እጄ አያርፍም። ላይኛው ክፍል ላይ ሁለት ሹል ጥርስና ከሥሩ አንዲት ጎባጣ ነገር አለች። ታች ወረድኩ። ሁለት ሹል ጥርስ፣ ከሥሩ አንዲት ጎባጣ። ሻዬን አስቀመጥኩ።

"ኢንጂነር፣ ይሄን ነገር አየኸው?"

"ምኑን?"

"ታችኛው ከላይኛው ጋር አንድ ነው።"

"መሬት እኮ ይደጋገማል" አለኝ ሳይዞር። "ሸክላ፣ ጠጠር፣ ሸክላ፣ ጠጠር። ጎርፍ ያመጣው አገር ነው።"

"ይደጋገማል፣ እሺ። ግን ራሱን ፎቶ ኮፒ ያደርጋል?"

ከቧንቧው ላይ የተገፈፈ፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ወድቆ ነበር። አነሳሁትና ስክሪኑ ላይ ለጥፌ የላይኛውን መስመር በእስክሪብቶ ተከተልኩት። ከዚያ ላስቲኩን ሳላነቃንቅ ስዕሉን ወደ ታችኛው ወሰድኩት። የእስክሪብቶው መስመርና የማሽኑ መስመር አንድ ላይ ገጠሙ። ፀጉር አይገባበትም።

ተስፋዬ ፊቱ አመድ መሰለ። የመጀመሪያው ቧንቧ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። "አቁሙ!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ተንጫጫ። ከኋላዬ አንዱ "ይኸው፣ እግረ ደረቁ ሳይጠጋ እንኳ..." ሲል ሰማሁት። ዞሬ ባየው ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራችሁ፤ አልዞርኩም።

"ስንት ሰዓት ትፈልጊያለሽ?" አለኝ ተስፋዬ።

"አላውቅም። ብቻ ጭቃው እንዳይጎድል ጠብቁልኝ።"

የሲውን ጽሑፍ ከፈትኩት። አሁን ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮግራም የሚኖርባት ሜሞሪ እንደ ጠባብ ክፍል ናት። ከጓሮ ትልቅ ጎተራ አለ፣ ግን ዘው ብሎ መግባት የለም፤ በር ላይ ዘበኛ አለ። ያ ዘበኛ ነው የሜሞሪ ድራይቨር የሚባለው። "ይሄን አስቀምጥልኝ፣ ያን አምጣልኝ" ብለህ ታዘዋለህ። ትእዛዙን የሚቀበለው ግን ሬጅስተር በሚባሉ ትንንሽ ኪሶች ብቻ ነው፤ በአንዱ ኪስ የሥራውን ቁጥር፣ በሌላው ዕቃው ያለበትን አድራሻ አድርገህ ትጠራዋለህ። የሲ ቋንቋ እነዚያን ኪሶች በስማቸው አያውቃቸውም። ስለዚህ በሲው መሐል አሰምብሊ በሚባለው፣ ማሽኑን በቀጥታ በሚያናግረው ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይሰገሰጋሉ። ዘበኛው ሲመለስ ኤኤክስ በሚባለው ኪስ መልስ ይተዋል፤ አንድ ከሆነ "ሠርቻለሁ"፣ ዜሮ ከሆነ "እምቢ" ማለቱ ነው።

የዚህ ፕሮግራም ጸሐፊ ጥልቀት ሲጨምር ትርፉን መረጃ ጎተራው ውስጥ ያስቀምጣል። አጠራሩ ያማረ ነው፣ ኪሶቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ጠርቶ ሲያበቃ ግን ወደ ቀጣዩ ሥራ ያልፋል። ኤኤክስን ማንም አያየውም። ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል።

ዘበኛው ምን እንዳለ ልስማ ብዬ ሁለት ሦስት መስመር ጨመርኩ። ቸኮልኩና ዲኤስ የሚባለውን ሬጅስተር ሳላስቀምጥ ቀየርኩት፤ ሲው ደግሞ የራሱን ዕቃ የሚያገኘው በእሱ ነው። ማሽኑ ድርቅ አለ። "አቦ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ተስፋዬ ጭንቅላቱን ያዘ። አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ሬጅስተሩን መጀመሪያ አስቀምጬ ኋላ እንዲመለስ አደረግኩ፣ ሞከርኩት።

ዜሮ። ሁሉም ጥሪ ላይ ዜሮ። ዘበኛው አንዴም ሳይሰለች እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ ሲል ነው የኖረው። ያልተቀመጠ ነገር ሊመጣ አይችልም፣ ሥዕሉን የሚስለው ክፍል ደግሞ ባዶ እጁን ከሚቀር ቀድሞ እጁ ላይ የነበረውን የላይኛውን መስመር ደግሞ ይስለዋል። እምቢ ያለበትን ምክንያት በሌላ ኪስ ትቶታል። የዕቃው ርዝመት ልክ አይደለም ይላል።

ይሄኔ ገባኝ። ይሄ ድራይቨር የትኛውም ማሽን ላይ ቢሆን ጎዶሎ ቁጥር አይቀበልም። ባይት የሚባሉትን የመረጃ ቅንጣቶች ጥንድ ጥንድ አድርገህ ካልሰጠኸው አያነሳም። ዕቃውን ቆጠርኩት፣ ጎዶሎ ነው። ከሥሩ ማን እንደጻፋት ያልታወቀች አንዲት መስመር አለች፤ ለአዲሱ መለኪያ ተብላ የተጨመረች ባይት።

"ሰይዴ!" ብዬ ወደ ቦቴው ጮህኩ። "መለኪያው የተቀየረው መቼ ነው?"

"ከነዚያ ከሁለቱ በፊት!" አለ ከዚያው። "ለምን?"

አልመለስኩለትም። ተነስቼ ሄድኩ። ስነግረው ሰዎቹ እንዳይሰሙኝ ሳይሆን፣ ፊቱን ማየት ስለፈለግኩ ነው።

"ስማኝ። የነዚያን የሁለቱን ጉድጓድ ታች አላየኸውም። ማሽኑ የላይኛውን ደግሞ ደግሞ ነው ያሳየህ። ወንፊቱን አሸዋና ሸክላ ፊት ያስቀመጥከው እግርህ ደርቆ አይደለም። ገባህ?"

የቦቴውን ጎማ ተደግፎ ቁጭ አለ። "ወላሂ በይ" አለኝ።

"ወላሂ።"

"እኔ እኮ..." አለና አልጨረሰውም። ትልቅ ሰው ነው፣ ፂም አለው፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ያለቀስኩት እዚያው ነው፣ ምን አሳፍሮኝ።

ስመለስ አባ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመዋል። "ምን አገኘሽ እቴ?"

"አንድ በሬ ትርፍ ሆኖ ነው አባ። ይሄ ዘበኛ ጥንድ ካልሆነ አያስገባም።"

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? መቀናጆ ፈልጊለት!"

ሳቄ አመለጠኝ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አጣምረው እንደሚያርሱት ማለታቸው ነው። በትክክልም ያደረግኩት እሱን ነው። ሥራ የሌላትን አንዲት ባዶ ባይት ከጎዶሎዋ ጎን አቆምኳት። ኤኤክስንም የሚያይ መስመር ጨመርኩ፣ ዜሮ ካገኘ ሥዕል ሳይስል ቆሞ እንዲጮህ። መለኪያው እንደገና ወረደ። እያንዳንዱ ጥሪ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ መለሰ።

መስመሩ ተሳለ። ታችኛው ከላይኛው ጋር ምንም አይገናኝም። ተስፋዬ ጠጠር ነው ብሎ ምልክት የያዘበት ቦታ ረዥም ሸክላ ነበር፤ ጠጠሩ ከዚያ በታች ነው፣ ወፍራም ሆኖ። ቧንቧዎቹ እንደገና ተሰለፉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ገባ። ጉድጓዱም አልተናደም።

በማግሥቱ ማጠቢያ ነው። በአየር ግፊት ከሥር ያለውን ጭቃ እየገፉ ያወጡታል። ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። መጀመሪያ የወጣው ቡላማ ጭቃ ነው። ከዚያ ቀጠን አለ። ከዚያ ሻይ በወተት መሰለ። ድንገት አንዴ ተንተክትኮ ጥርት ያለ ውሃ ሽቅብ ተስፈነጠረ።

እልልታው ማሽላውን አነቃነቀው ብላችሁ እመኑኝ። ሴቶቹ በጀሪካን፣ ወንዶቹ በባርኔጣቸው። ተስፋዬ ከነጫማው ገባበት። አባ ይመር እጃቸውን ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ፣ እንባቸው ፂማቸው ላይ ነው።

ሰይድን ያስታወሰ አልነበረም። ቦቴው ሥር ነው።

"ና እንጂ!" ብዬ በእጄ ጠራሁት። አልመጣም። አባ ይመርም አዩት። "ምነው ልጄ፣ ከሩቅ ምን ታደርጋለህ? ና ቅረብ!" አሉ፣ የከለከለው ሌላ ሰው ይመስል።

"ራቅ በል ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው፤ ምላሴ አመለጠችኝ።

"ያ ትናንት ነው እቴ" አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ሄጄ እጁን ያዝኩት። "ሰይዴ፣ አልነገርኩህም? ባይት ነው። አንዲት ጎዶሎ ባይት ናት።"

"ገብቶኛል" አለ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው፣ "ስደርስ ቢቆምስ?" አለኝ።

ማስረጃውን በዓይኑ አይቶታል። ላስቲኩን፣ ዜሮውን፣ አዲሱን መስመር፣ ውሃውን ራሱን። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠው ግን አሁንም ሰው ሲለው የኖረው ነው። "ከቆመ አብረን ነን" ብዬ ጎተትኩት። እየጎተትኩት ሄድን። ደረስን። ውሃው አልቆመም። ጫማውን አውልቆ ቆመበት፣ ለረዥም ጊዜ እግሩን ሲያይ ቆየ። ወደ ሳውዲ ሊወስደው ለነበረው ሰውም "ቀርቻለሁ" ብሎ ደወለለት።

እንግዲህ ያጋጠመኝ ይሄ ነው። "ከዚህ በኋላ ምን ተለወጠብሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ተማሪዎቼን አሁን ሳርም መጀመሪያ የማየው የጠሩት የሰጣቸውን መልስ ማየት አለማየታቸውን ነው፤ ስላንገላታኋቸው "የኤኤክስ መምህርት" ብለውኛል፣ ከሙዚየም አድጌያለሁ። ዋናው ግን እሱ አይደለም። እኛ ሰዎች ሰላምታ እናውቃለን። ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና። መልሱ ሳይመጣ ሁለተኛውን እንጠይቃለን። ወንድሜ ለወራት "አልሐምዱሊላህ" ሲለኝ እኔም ልክ እንደዚያ ፕሮግራም አልፌ ሄጃለሁ። ባሕር ሊገባ ነበር እኮ! እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ደህና ነህ ስትሉት ትንሽ ቆም በሉ። ዓይኑን እዩት።

ሰይድ ወደ ሁለቱ የከሸፉ ጉድጓዶች መንደር ሄዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሁሉንም ነግሯቸዋል። አንደኛው መንደር አዲስ ጉድጓድ ተፈቅዶለታል፤ ሁለተኛው አሁንም ከሩቅ ይቀዳል። እግረ ደረቅ የሚለው የለም አሁን፣ እንዲያውም ምርቃቱ በዝቶበታል። ግን ልንገራችሁ፣ ፕሮግራሙን በአንዲት ባይት አስተካክዬዋለሁ፤ ሰው እንደዚያ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ጎብዬ በኩል ሲቆፍር ሰንብቶ ደወለልኝ።

"ወጣ?" አልኩት።

"ወጥቷል መሰለኝ። እልልታው ይሰማኛል።"

ከሩቅ መቆሙን አወቅኩ። "ሰይዴ፣ ደህና ነህ?" አልኩት፣ ቆየሁም። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ አልቸኮልኩም።

"ትንሽ ፈርቻለሁ" አለኝ።

"በል ስልኩን ሳትዘጋ ሂድ።"

አልዘጋውም። እግሩ አፈሩን ሲረግጥ ይሰማኛል፤ የሰዉ ድምፅ እየቀረበ መጣ፣ ከዚያም ውሃው።